«ዝም በል!» ያለውም ለፈለፈ

ጁምዓ ዕለት ነው እንበል። ኢማሙ ኹጥባ፣ ማለትም ስብከት ላይ ናቸው። ከኋለኛው ረድፍ ሁለት ሰዎች ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ይንሾካሾካሉ። አጠገባቸው የተቀመጠ አንድ ጨዋ ሰው ታገሠ፣ ታገሠና ዞር ብሎ «ዝም በሉ እንጂ!» አላቸው። በቃ፤ እሱም ከለፍላፊዎቹ ተቆጠረ። ቡኻሪና ሙስሊም በመዘገቡት የታወቀ ሐዲስ መሠረት፣ ኢማሙ ኹጥባ እያደረጉ ባልንጀራውን «ዝም በል» ያለ ሰው ራሱ «ለግው» ውስጥ ገብቷል። ለግው ማለት ፍሬ የሌለው ንግግር፣ ልፍለፋ፣ ከንቱ ወሬ ነው።

ይህ የሰውን ጠባይ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሥርዓት ነው። ስብሰባ የተቀመጠ ሁሉ ይመስክር። ተናጋሪው የሚወስደው ጊዜ አለ፤ «እባካችሁ ጊዜ እናክብር» እያለ በየመሀሉ እጁን የሚያወጣው ሰውዬ የሚወስደው ጊዜ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ልጆች በሚንጫጩበት ቤትም ከሁሉ ጎልቶ ለጎረቤት የሚሰማው «ጸጥ በሉ!» የሚለው የአባትየው ድምፅ ነው።

ቃሉን ያነሣሁት ግን ስለ ስብሰባ ላማርር አይደለም። ለግው ዘመድ አለው፤ ዘመዱም ትልቅ ሰው ነው። እኛ ከሰ-በ-ረ ሰባራን፣ ስብራትንና ስብርባሪን እንደምናወጣ ሁሉ፣ ዐረብኛም ቃላቱን የሚያበቅለው ከፊደላት ሥር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት። ከለ-ገ-ወ ሥር ከበቀሉት አንዱ ለግው ሲሆን ሌላው «ሉጋ» ነው። ሉጋ ማለት ደግሞ ቋንቋ ማለት ነው። ቅኔው፣ የፍርድ ቤት ውሳኔው፣ የፍቅር ደብዳቤው፣ የፍልስፍና ክርክሩ ሁሉ የሚቆምበት ቋንቋ ከልፍለፋ ጋር የአንድ እናት ልጅ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1002 የሞተው የሰዋስው ሊቅ ኢብን ጂኒ ቋንቋን ሲበይን፣ እያንዳንዱ ሕዝብ ጉዳዩን የሚገልጽባቸው ድምፆች ናቸው አለ። ድምፆች ናቸው አለ እንጂ ቁም ነገሮች ናቸው አላለም። አስተዋይ ሰው ነበር።

የቤተሰቡ አባላት በዚህ አያበቁም። እ.ኤ.አ. በ1311 የሞተው ኢብን መንዙር «ሊሳን አል-ዐረብ» የተባለ ግዙፍ መዝገበ ቃላት ትቶ አልፏል፤ ቤይሩት ላይ 15 ቅጽ ሆኖ ታትሟል። ሥሮቹን የደረደረው በመጨረሻ ፊደላቸው ስለሆነ ለ-ገ-ወን የሚያገኛት እስከ መጨረሻው ቅጽ የታገሠ አንባቢ ብቻ ነው። እዚያ ሲደርስ የወፎች መንጫጫት ከዚሁ ሥር መሆኑን ያነባል። የደም ካሣ በግመል ሲከፈል በትንሽነታቸው ቁጥር ውስጥ የማይገቡ የግመል ግልገሎችም ለግው ይባላሉ፤ አሉ፣ ይንቀሳቀሳሉ፣ ይበላሉ፣ ግን አይቆጠሩም። ዛሬም ጅዳ ወይም ዱባይ አውሮፕላን ማረፊያ ሰሌዳው ላይ ከበረራዎ ትይዩ «ሙልጋ» የሚል ቃል ካዩ ሻንጣዎን ይዘው ይቀመጡ፤ ተሰርዟል ማለት ነው። እሱም ከዚያው ቤት የወጣ ልጅ ነው።

ዐረብኛ ጫጫታን ሲሰይም ቃሉ ራሱ ይንጫጫል። ለፍላፊነት «ሰርሰራ» ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. የታተመው የነጊብ ማሕፉዝ ልብ ወለድ ርእሱን ያገኘው ከዚህ ቃል ነው፤ አባይ ላይ በተንሳፈፈች የጀልባ ቤት ማታ ማታ እየተሰበሰቡ ሐሺሽ እያጨሱ ስለሚቀዱ የካይሮ ሰዎች ይተርካል። «ለቅለቃ» ሌላው ነው፤ ለቅለቅ ሽመላ ሲሆን፣ መንቆሩን እያንኳኳ ሰፈር የሚረብሸውን ወፍ ያየ ሰው ቃሉ ለምን ለወሬኛ እንደተረፈ አይጠይቅም። «በቅበቃ» ከጠባብ አንገት ዕቃ ውስጥ የሚንፎለፎል ውሃ ድምፅ ነው፤ አፉ የማያርፍ ሰውም «በቅባቅ» ይባላል።

ለዚህ ድግግሞሽ ትርጉም ከሰጡት መካከል ቀዳሚው የባስራው ሊቅ አል-ኸሊል ኢብን አሕመድ ነው፤ በ8ኛው መቶ ዘመን የኖረ፣ የመጀመሪያውን የዐረብኛ መዝገበ ቃላት የጀመረ ሰው። የአንበጣን ድምፅ ዐረቦች «ጸርራ» አሉት፤ የጭልፊትን ግን «ጸርጸራ»። ለምን? አንበጣው ድምፁን ሳያቋርጥ ይስባል፤ ጭልፊቱ ይቆርጥና ይደግማል። ቃሉም እንደ እንስሳው ተሳበ፣ ተቆረጠም። አማርኛ በዚህ ነገር ከማንም አያንስም። ለፈለፈ፣ ነዘነዘ፣ ጨቀጨቀ፣ ዘበዘበ፤ ሁሉም ሁለት ፊደል ይዘው ሁለቴ የሚመላለሱ ናቸው። አንዴ የነገረህ ነገረህ ነው፤ ደግሞ ደጋግሞ ሲመጣብህ ነው ጨቀጨቀህ የምትለው። አባቶቻችን ጫጫታንና ሞኝነትን በአንድ ገመድ ሲያስሩም ያሰሩበት ገመድ ይኸው ድግግሞሽ ነበር፦ የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ።

አል-ኸሊል ስለ ጫጫታ የመናገር መብት ነበረው። የዐረብኛን ግጥም ምት ስፍር ያገኘው በገበያ ሲያልፍ የነሐስ ቀጥቃጮችን መዶሻ ሰምቶ ነው ይባላል። ሌላው ሰው ጆሮውን ይዞ የሚሮጥበት ቦታ እሱ ቆሞ ቆጠረ። መርካቶ ምን አለሽ ተራ ቢያልፍ ኖሮ በርሜል የሚቀጠቅጡት ልጆች ስንት አዲስ የግጥም ቤት በሰጡት! እቤቱ የሆነው ደግሞ ይብሳል። አንድ ቀን ግጥም እየመተረ «ፈዑሉን፣ መፋዒሉን» ሲል ልጁ ደርሶ ሰማው፤ ልጁም ወጥቶ ለሰው ሁሉ «አባቴ አበደ!» ብሎ አወራ ይላሉ ጸሐፊዎቹ። ለአባት ሳይንስ፣ ለልጅ እብደት፤ ድምፁ አንድ ነው።

የመዝገበ ቃላቱንም ነገር እንጨርሰው። አል-ኸሊል ፊደላቱን የደረደረው ከጉሮሮ ጀምሮ ወደ ከንፈር ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የመጣችው ከጉሮሮ ጥልቅ የምትወጣዋ ዐይን ናት፤ መጽሐፉም «ኪታብ አል-ዐይን» ተባለ። እኛ «ዐይኑ ዐ» ብለን በፊደል አስቀምጠናት ከአፋችን ያሰናበትናት ያቺው ናት። ዐረብ ሲናገራት የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ሰውየው ታነቀ ብሎ ውሃ ይዞ ይሮጣል።

ከጫጫታ ስሞች የምወደው ግን «ጀዕጀዓ» ነው፤ የወፍጮ ድንጋይ ሲንገጫገጭ የሚያሰማው ድምፅ። ዐረቦች «ጀዕጀዓ እሰማለሁ፤ ዱቄት ግን አላይም» ይላሉ። ወፍጮው ይጮኻል፣ ቤቱ ይነቃነቃል፣ ከሥር የሚወርድ ነገር የለም። «ያለ ነገር ብዙ ጫጫታ» የሚል ርእስ ያለው የሼክስፒር ኮሜዲም በዐረብኛ «ጀዕጀዓ ያለ ዱቄት» ተብሎ ተተርጉሟል። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተጀምሮ «ይህ ጉዳይ በቀጣይ ስብሰባ ይታያል» ብሎ የሚያበቃ ስብሰባ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ከዚህ የተሻለ ቃለ ጉባኤ አይጻፍለትም።

ወደ ሞኞቹ እንለፍ። ኢብን አል-ጀውዚ እ.ኤ.አ. በ1201 የሞተ የባግዳድ ሰባኪ ነው። ስለ ብልሆች አንድ መጽሐፍ፣ ስለ ሞኞችና ዝንጉዎች ሌላ መጽሐፍ ጽፏል። የሞኞቹ መጽሐፍ አድልዎ የለበትም፤ ሞኝ ዳኞች፣ ሞኝ አስተማሪዎች፣ ሞኝ ሙአዚኖች፣ ሞኝ ጸሐፊዎች እያለ በየሙያቸው ምዕራፍ ሰጥቷቸዋል። ሰባኪዎችንም አልዘለለም። ከሞኝ ምልክቶች መካከልም ያለ ምክንያት መቆጣት፣ ሁሉን ሰው ማመን፣ ምሥጢር ማውጣትና ጥቅም የሌለው ነገር መናገር ተቆጥረዋል። አራቱንም ከሜክሲኮ እስከ መገናኛ ባለች አንድ የታክሲ ጉዞ ማየት ይቻላል።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ «ሑምቅ» ማለትም ሞኝነት ከየት እንደመጣ ተጽፏል። ገበያ ሲቀዘቅዝ ዐረቦች «ሐሙቀት አስ-ሱቅ» ይሉ ነበር፤ ሱቅ ያው የእኛው ሱቅ ነው፣ ከእነሱ የወሰድነው። አሕመቅ እንግዲህ የአእምሮው ገበያ የቀዘቀዘበት ሰው ነው። ሱቁ ክፍት ነው፣ ባለቤቱ ባንኮኒው ላይ ክንዱን አስደግፎ ተቀምጧል፤ ግን የሚገባም የሚወጣም ሐሳብ የለም።

ሞኝነትንና ገበያን ያገናኙት የባግዳድ ሊቃውንት ብቻ አይደሉም። አንዲት ጎረቤቴ ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። «እዚያ መጀመሪያ የሚለመደው ዐረብኛ የሰላምታው እንዳይመስልህ፤ የስድቡ ነው» ትላለች። በገባች ሰሞን አሠሪዋ ዕቃ ሲሰበር ወይም ሻይ ሲቀዘቅዝ «ገቢያ! ገቢያ!» እያለች ትጮህባት ነበር። በዐረብኛ ሞኝ ወንድ «ገቢይ»፣ ሞኝ ሴት «ገቢያ» ናት። ጎረቤቴ ምን ታድርግ? ዐባያዋን ለብሳ፣ ዘንቢል አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆመች።

«ገቢያ!» አለች ሴትዮዋ፣ ብሶባት።

«እሺ ማማ፣ ተዘጋጅቻለሁ» አለች ጎረቤቴ።

የቤቱ ልጆች ከሣቅ ብዛት መሬት ላይ ተንከባለሉ አለች። እየሣቀች ትነግረናለች፤ እኛም እንሥቃለን። «ገቢያ ማለት ደደብ ማለት መሆኑን ያወቅኩት ቋንቋውን ሳላውቅ ነው፤ ፊቷን አይቼ» ስትል ግን ሣቁ ትንሽ ይቀዘቅዛል። ያቺ ልጅ በሁለት ቋንቋ ትጸልያለች፤ አሁን ደግሞ ሦስተኛውን ከማንም በተሻለ ትናገራለች፤ አሠሪዋ የምታውቀው አንድ ብቻ ነበር።

ዐረብኛ ለሞኝ ካወጣለት ስም ሁሉ ሙያ ያለው «ረቂዕ» ነው። ከረቂቅ ጋር እንዳይምታታ፤ ተቃራኒው ነው። «ሩቅዓ» ማለት ዕራፊ፣ ቀዳዳ የሚጣፍበት ጨርቅ ማለት ሲሆን፣ መዝገበ ቃላቱ እንደሚለው ረቂዕ አእምሮው አርጅቶ ተቀዶ መጣፍ የሚያስፈልገው ሰው ነው። የሚገርመው ያው ቃል የሰማይ ጠፈርም ስም ነው። አንድ ወዳጅዎ ሰማይ ሰማዩን እያየ ሲያወራ ካዩት ሁለቱንም ትርጉም በአንድ ጊዜ አገኙ። እጀ ሰባራ፣ የነካው የሚበላሽበት ሰው ደግሞ «አኽረቅ» ይባላል፤ ሥሩ መቅደድ ነው። እኛ ጋ መቅደጃው አፍ ነው፤ ወሬ የሚያጋንነውን ሰው «ይቀዳል»፣ «ቀደዳውን ጀመረ» እንላለን። እነሱ ሰውየው ተቀዷል አሉ፤ እኛ ሰውየው ቀዳጅ ነው አልን። ጣፊ ያስፈልጋል በሚለው እንስማማለን።

የሞኞች ሁሉ አለቃ ግን ሀበንነቃ ነው፤ «ከሀበንነቃ የባሰ ሞኝ» የሚል አባባል እስከ ዛሬ ያኖረው። ይህ ሰው ዛጎል፣ አጥንትና ሸክላ ሰክቶ አንገቱ ላይ ያንጠለጥል ነበር። ለምን ቢሉት፣ እንዳልጠፋ፣ ራሴን በዚህ እንዳውቀው ብሎ መለሰ። አንድ ሌሊት ተኝቶ ሳለ ወንድሙ ያን ጨሌ አውልቆ በራሱ አንገት ላይ አጠለቀው። ሲነጋ ሀበንነቃ ወንድሙን አየና ግራ ገባው፤ አንተ እኔ ከሆንክ እኔ ታዲያ ማን ነኝ? ብሎ ጠየቀ። ሺህ ዓመት አልፎ ሁላችንም በሥራ ቀን ስማችንንና ፎቶአችንን አንገታችን ላይ አንጠልጥለን እንውላለን። ባጁን እቤት የረሳ ሰው በር ላይ ለጥበቃው ማንነቱን ለማስረዳት ሲለማመጥ ያየ፣ በሀበንነቃ ከመሣቁ በፊት ትንሽ ያስብ።

እስካሁን ሞኙ ማን ነው፣ ለፍላፊው ማን ነው እያልን መጣን፤ ፈራጁ ማን እንደሆነ ግን አልጠየቅንም። ኹራፋ የሚባል የዑዝራ ጎሣ ሰው ነበር ይላሉ። ጂኒዎች ወሰዱኝ ብሎ፣ ተመልሶ ያየውን ሁሉ አወራ። ሰውም «ይህ የኹራፋ ወሬ ነው» ማለት ለመደ፤ ዛሬ በዐረብኛ ኹራፋ ማለት ተረት፣ አጉል እምነት ማለት ነው። ሰውየው ምናልባት የሆነውን ነው የተናገረው፤ ሰሚው አላመነም፤ ስሙ ለዘለዓለም የውሸት ስም ሆነ። ፈራጁ ሁልጊዜ ሰሚው ነው።

ሰሚው ደግሞ የማይገባው ነገር ሁሉ ጫጫታ ይመስለዋል። ኢብን ኸልዱን በመዘገበው ተረክ፣ ኢፍሪቂሽ የሚባል የየመን ንጉሥ ወደ ሰሜን አፍሪካ ዘምቶ የሰዎቹን ቋንቋ ሲሰማ፣ ይህ ምን «በርበራ» ነው አለ፤ በርበራ የተደበላለቀ፣ የማይለይ ድምፅ ነው፤ ሕዝቡም በርበር ተባለ ይላል። ሰዎቹ በወቅቱ ስለ በግ ዋጋ እየተነጋገሩ ሊሆን ይችላል። «ገውጋእ» የሚለው ቃልም መነሻው ሊበር የሚነሣ የአንበጣ መንጋ ነው፤ ኋላ ግን ለተራው ሕዝብ፣ ለጫጫታውና ለግርግሩ ስም ሆነ። ቃሉን ያወጡት ከሰገነት ሆነው ወደ ታች ያዩ ሰዎች እንደሆኑ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚብሰው «ዐጀም» ነው። ሥሩ የንግግር አለመጥራት ነው፤ እንስሳ እንኳ መናገር ስለማይችል ከዚሁ ሥር «ዐጅማእ» ይባላል። ዐረብ ያልሆነ ሰው ሁሉ ዐጀም ተባለ፤ መጀመሪያ በተለይ ፋርሱ። ታሪክ ግን ቀልድ ያውቃል። መዝገበ ቃላት በዐረብኛ «ሙዕጀም» ነው፤ ያው ሥር ነው፣ ጭጋጉን የሚገፍ ለማለት። የዐረብኛን ሰዋስው በመጽሐፍ ያጸናው ሲበወይህም ፋርስ ነበር፤ ማለትም ዐጀም። የወሎ ሼኾች ደግሞ ስሙን ተቀብለው ሥራ ሠሩበት፤ አማርኛውን በዐረብ ፊደል እየጻፉ መንዙማቸውን በትውልድ ላይ ትውልድ አስተላለፉ፤ ያ ጽሕፈት «ዐጀሚ» ይባላል። «የማይገባ ንግግር» የተባለው ሰው ስድቡን ቀለም ውስጥ ነክሮ ሲጽፍበት ማለት ይህ ነው።

የእኛም ስም በዚህ መዝገብ ላይ በግልጽ ሰፍሯል። ቡኻሪ ዘንድ በሚገኝ ሐዲስ፣ በዘመን ፍጻሜ «ሀርጅ» ይበዛል ይባላል። ሀርጅ ግድያና ሁከት ነው። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ ቃሉን ሲያብራራ፣ በሐበሾች ቋንቋ ግድያ ማለት ነው አለ። ከመንገድ አላነሣውም፤ ከየመን ወደ መዲና ሲጓዝ መርከቡ ወደ ሐበሻ ወስዶት ከነጃሺ አገር ተቀምጦ የመጣ ሰው ነው። ዛሬ ሥሩ ሁለት ልጆች አሉት፤ አንደኛው «ሀርጅ ወመርጅ»፣ ትርምስምስ፤ ሁለተኛው «ሙሀሪጅ»፣ የሰርከስ አሳቂ። ከግድያ ተነሥቶ እስከ ቀይ አፍንጫ ድረስ! እ.ኤ.አ. በ1505 የሞተው አስ-ሱዩጢ ደግሞ በቁርኣን ውስጥ ያሉ የሐበሻ ቃላት ብሎ ከዘረዘራቸው አንዱ «ሚሽካት» ነው፤ የእኛ መስኮት። ስለዚህ ለጎረቤት ያበደርነው መስኮትና ሁከት ነው። መስኮቱን የከፈተ ሁከቱን ይሰማል፤ ዕቃው ሙሉ ነው፣ የጎደለ የለም።

ነገሩን እንዲህ ስመለከተው ጫጫታ ማለት በአብዛኛው የሌላ ሰው ንግግር ነው። ሞኝም በአብዛኛው ገበያው እኛ በማናውቀው ቀን የሚቆም ሰው ነው። የራሳችን ልፍለፋ ምንጊዜም ሐሳብ ነው፤ የጎረቤት ሐሳብ ምንጊዜም ልፍለፋ ነው። ሁለቱን በአንድ ሥር ያስቀመጡት የዐረብኛ ሊቃውንት ሰደቡን ማለት አይደለም፤ አስታረቁን።

ምሕረቱም ከዚያው ሥር ይገኛል። ቁርኣን ሰው በ«ለግው» መሐላው አይያዝም ይላል። የሻፊዒ ሊቃውንት ይህን ሲፈቱ፣ በጨዋታ መሀል ሳይታሰብ ከምላስ የሚያመልጠው «ወላሂ አዎ፣ ወላሂ አይ» ነው አሉ፤ የሐነፊዎቹ ደግሞ እውነት መስሎት ምሎ ስህተት የሆነበት ሰው ነው አሉ። በሁለቱም መንገድ ቢሆን እፎይ ነው። መርካቶ ውስጥ «ወላሂ አያዋጣኝም!» ተብሎ በደንበኛው ዋጋ የተሸጠው ጨርቅ ሁሉ፣ ድሬዳዋና ደሴ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በጫት ወግ መሀል የሚረጨው «ወላሂ» ሁሉ ቢቆጠርብን ኖሮ ማን ከቤቱ ይወጣ ነበር? እንደ ግመሎቹ ግልገሎች አለ፣ ግን አይቆጠርም።

እንግዲህ አንባቢን አደከምኩ። ወላሂ ከዚህ በላይ አንድ ሥር አልጨምርም።

አንዲት ብቻ፣ ትንሽ ናት፤ ፈ-ሸ-ረ። ግብፆች ጉረኛን «ፈሻር» ይሉታል፤ ከዚሁ ሥር «ፊሻር» ማለት ደግሞ ፈንዲሻ ነው። ትንሽ እሳት ሲያገኝ እየጮኸ የሚያብጥ፣ ዕፍኝ ሙሉ ሆኖ ክብደት የሌለው። ቡና ሲፈላ እሱ ያልቀረበበት ወግ የለም፤ ጉረኛውም እንደዚያው ነው።